የፍሳሽ ጉድጓድ መቀየር ለምን የመንግሥት ሥራ ሆነ?

በኒውዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ሰፎክ ካውንቲ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርበታል። ከአራት ቤት ሦስቱ ግን ከዋና የፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ፍሳሹ የሚገባው በየግቢው ወደተቀበረ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። የእነዚህ ቁጥር 360 ሺህ ገደማ ይደርሳል።

ሴፕቲክ ታንክ ዝቃጩን ከታች ያስቀራል፣ ቅባቱን ከላይ ያንሳፍፋል፣ መሃል ያለውን ውሃ ደግሞ ወደ አፈር ያሰርጋል። አሮጌው ጉድጓድ ይህን እንኳ አይሠራም፤ ግድግዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ የገባበት ፈሳሽ በቀጥታ ይሰርጋል። ከሽንት የሚመጣውን ናይትሮጅን በሚገባ የሚያስቀር ከሁለቱ አንድም የለም። የሎንግ አይላንድ አፈር አሸዋማ ነው፤ ነዋሪውም የሚጠጣው እዚያው ከከርሰ ምድር የሚወጣውን ውሃ ነው። ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ የባሕር ወሽመጡ ጋ ሲደርስ አልጌ ያፋፋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ውሃውን ቡናማ ያደረገ አልጌ ተስፋፍቶ፣ የአጥማጆች መተዳደሪያ የነበረው ስካሎፕ የተባለ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ክፉኛ ተመናምኗል። የዚያ ምክንያት ናይትሮጅን ብቻ ባይሆንም፣ ጉዳዩ የሕዝብ አጀንዳ ሆነ።

የአስተዳደሩ ፈተና እዚህ ላይ ነው፦ ጉድጓዱ የግለሰብ ነው፣ ጉዳቱ ግን የጋራ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ሆነ። ካውንቲው መጀመሪያ ናይትሮጅን የሚቀንሱ አዳዲስ መሣሪያዎችን በዕጣ በተመረጡ ቤቶች ሞከረ። በ2017 እ.ኤ.አ. ለፈቃደኞች ድጎማ ጀመረ። በ2019 አሮጌ ጉድጓድን በዚያው ዓይነት ጉድጓድ መተካትን ከለከለ፤ በ2021 ደግሞ አዲሱን መሣሪያ ለአዲስ ቤቶች ግዴታ አደረገ። አስቀድሞ ሙከራ፣ ቀጥሎ እገዛ፣ በመጨረሻ ግዴታ ማለት ነው።

ገንዘቡም የራሱ ጣጣ አለው። ለአንድ ቤት የሚወጣው ወጪ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ሊሄድ ስለሚችል፣ የካውንቲውና የግዛቱ ድጎማ ተደምሮ መስፈርቱን ላሟላ ቤት እስከ 30 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። ክፍያው የሚሄደው በቀጥታ ለሥራ ተቋራጩ ነው። ይሁንና ድጎማው እንደ ገቢ ተቆጥሮ የግብር ቅጽ የደረሳቸው ባለቤቶች፣ «ገንዘቡን በእጃችን እንኳ ሳንነካው ግብር እንዴት እንጠየቃለን?» በሚል ተከራክረዋል። የድጎማ ውል ሲረቀቅ የግብር ባለሙያ አብሮ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ሥራው ግቢ ሲገባ ምን ይመስላል? መሐንዲሱ አፈሩን መርምሮ ንድፍ ያወጣል፤ የጤና መሥሪያ ቤቱ ይፈቅዳል። ከመሬት በታች ያሉት የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ መስመሮች ላዩ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። ከዚያ አሮጌው ጉድጓድ በመኪና ይመጠጥና እንዳይደረመስ ይደፈናል ወይም ይነሳል። ኤስካቫተሩ ቆፍሮ አዲሱን ታንክ ያስገባል። በታንኩ አንድ ክፍል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነፊ አየር ይሰጣል፤ አየር በሌለበት ክፍል ደግሞ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። አንድ ነገር ግን አይዘለልም፦ ተቆጣጣሪ ሳያየው አፈር አይመለስም። የዘመመ ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ ለማቃናት እንደገና መቆፈር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ነፊው ከቆመ ውድ የተባለው መሣሪያ ተራ ታንክ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የጥገና ውል፣ ዓመታዊ ፍተሻና የውሃ ናሙና የፕሮጀክቱ አካል ናቸው። ናሙናው የሚለካው በአንድ ሊትር 19 ሚሊግራም ናይትሮጅን በሚለው ወሰን ነው። በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካውንቲው ሕዝብ በድምፁ፣ እስከ 2060 የሚቆይ የ0.125 በመቶ የሽያጭ ታክስ አጽድቆ ለውሃ ጥራት ሥራዎች የረጅም ጊዜ የገንዘብ ምንጭ አበጅቷል።

እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የሚመራ ማንኛውም ከተማ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ስንት ታንክ እንደቀበረ ብቻ መናገሩ አይበቃም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ በትክክል እየሠራ እንደሆነም ሊጠየቅ ይገባል።