ከቴፑ ጀርባ ያለችው ፊውዝ

እናቴ እስራኤል፣ ገዴራ ባለው ቤቷ ውስጥ ከወርቅ አብልጣ የምትጠብቀው አንድ ካሴት አላት። ወንድሟ ጎንደር ሳለ ድምፁን ቀድቶ የላከላት ደብዳቤ ነው። ሰሞኑን ድምፁ እየታፈነ፣ እየራቀ መጣ። አንድ ወዳጄ፣ «የማጫወቻ ስቴሪዮውን ፊውዝ ከብር በተሠራ ቀይሩት፣ ድምፁ ይጠራል» አለኝ። እንዲህ ያለ ፊውዝ በእርግጥም ይሸጣል፤ ለአንዷ ፍሬ ከመቶ ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ያለችውን አውጥቼ ልያት አልኩ።

ስቴሪዮውን ከሶኬት ነቅዬ፣ ከጀርባው ያለችውን የፊውዝ ክዳን በካቻቪቴ ፈታሁ። 20 ሚሊሜትር የምትረዝም፣ 5 ሚሊሜትር የምትወፍር የመስታወት ቱቦ ናት። ሁለቱ ጫፎቿ ላይ የብረት ቆብ አለ፤ በመካከላቸው ቀጭን ሽቦ ተወጥሯል። ቆቧ ላይ በላቲን ፊደል «ቲ 1.6 ኤ ኤል 250 ቪ» የሚል ተቀርጿል። «ቲ» በዝግታ የምትቀልጥ ማለት ነው። ስቴሪዮ ሲበራ ትራንስፎርመሩ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፤ ፈጣኗ፣ «ኤፍ» የተጻፈባት ብትሆን ኖሮ ገና ሲበራ ልትቃጠል ትችል ነበር። 1.6 የአምፔሩ ልክ ነው። «ኤል» ደግሞ ኮረንቲ የመቁረጥ አቅሟ ዝቅተኛ መሆኑን ይናገራል፤ «ኤች» የሚባሉት፣ ብዙዎቹ አሸዋ የታጨቀባቸው ሸክላዎች፣ እስከ 1500 አምፔር ይቆርጣሉ።

ድምፁ በዚህች ሽቦ አያልፍም። የሚያልፍባት ከግድግዳ የሚመጣው ኮረንቲ ነው፤ እሱም ገና በትራንስፎርመር ይቀነሳል፣ በዳዮድ ይቃናል፣ በኮንደንሰር ይጠራቀማል። 100 ዋት የሚወስድ ስቴሪዮ ከግማሽ አምፔር በታች ይስባል፤ የፊውዟ ተቃውሞ ከኦም አንድ አሥረኛ ስለማይበልጥ፣ ከ230 ቮልቱ የምታስቀረው ከ0.05 ቮልት ያነሰ ነው። ጎረቤት ማዝጋን (አየር ማቀዝቀዣ) ሲያበራ የሚወርደው ከዚህ ይበልጣል። «በዚህ አቅጣጫ ግጠሟት» የሚሉም አሉ፤ የቤታችን ኮረንቲ ግን በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ልዩነት ሰማን የሚሉትን ዋሾ አልላቸውም። የዛገ መያዣ ፊውዝ ሲወጣና ሲገባ ይጠረጋል፤ ጆሮም ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ነገር በጉጉት ያዳምጣል። መፈተን የሚሻ ሰው ሌላ ሰው ሳይነግረው እንዲቀያይርለት አድርጎ ደጋግሞ ያድምጥ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። አገር ቤት ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ የተለመደ ነበር። ፊውዝ የምትቀልጠው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። የተቃጠለችው በራሷ ልክ፣ በራሷ ፊደል ትተካ፤ ዋጋዋ ጥቂት ሼቄል ነው። ደጋግማ ከተቃጠለች ስቴሪዮው ታሟልና ለባለሙያ ይሰጥ።

የእናቴን ፊውዝ ወደ ቦታዋ መለስኳትና የካሴቱን በር ከፈትኩ። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር እየተጎተተ ድምፁን የሚያነበውን ሄድ ሲያሽ ቡናማ ዱቄቱን ይተዋል። ጥጥ አልኮል ነክሬ ሄዱንና የጎማ ሮለሩን ጠረግሁ፤ ጥጡ የቡና አተላ መሰለ። አልኮሉ ከደረቀ በኋላ ካሴቱን እያጫወትኩ ከሄዱ ጎን ያለችውን፣ አቀማመጡን የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በጣም በቀስታ አዞርኩ። ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ድምፁ ተከፈተ።

አጎቴ «እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ?» ይላል። ከኋላው አውራ ዶሮ ይጮኻል። እናቴ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችን፤ ያንን ዶሮ እስከዚያ ቀን ሰምተነው አናውቅም።