የቅድመ አያት ስም ፍለጋ

ዝምድናን መቀጠል ዘመድን ከማወቅ ይጀምራል። የወሎ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል።

መጀመሪያ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። ቀጥሎ የቆየ የመሬት ግብር ደረሰኝና በኪታቦች መጨረሻ የሰፈረውን የባለቤትና የገልባጭ ስም ተመልከቱ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሕግ በ1936 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ የውርስ መዝገብ የልጅ ልጆቹን ስም ከያዘ፣ ከነርሱ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል።

የክርስትና ስም ብታገኙ አትደንግጡ፤ በግድ የተሰጠ ስም የልብን አይናገርም። ክርስቲያን ዘመድ ብታገኙም ዝምድናው አይቆረጥም። ወሏሁ አዕለም።