ጋዜጣ ስለ ማኅበራት ሲጽፍ፦ ከአንድ ዐምድ እስከ የቲሙ ቤት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለየቲሞች የሚደረግ ድጋፍ በመተማመን ላይ የቆመ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ ለጋሹ ልጁን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ የልጁም እናት የለጋሹን ፊት አታውቀውም። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ የማኅበሩ መልካም ስምና የባንክ ሒሳቡ ነው። ጋዜጦች ስለ ሙስሊም ማኅበራት የሚጽፉት ነገር የሚነካው ይህንኑ ድልድይ ነውና ጉዳዩን ለጋዜጠኞችና ለማኅበር መሪዎች ብቻ መተው አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ በብሪታንያ የደረሱ ሦስት ጉዳዮችን እናነሣለን። ብሪታንያን የመረጥነው የሙስሊም በጎ አድራጎት ድርጅቶች በርካታ የሆኑባት፣ ጋዜጦቿም ስለ እነርሱ አዘውትረው የሚጽፉባት፣ የክርክሮቹም ፍጻሜ በሰነድ የተመዘገበባት አገር በመሆኗ ነው። ስለ ብሪታንያ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአዘጋገቡ መልክ

የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2000 እስከ 2008 በብሪታንያ ጋዜጦች ስለ አገሪቱ ሙስሊሞች የወጡ 974 ጽሑፎችን መርምረው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሙስሊሞችን እንደ ስጋት ወይም እንደ ችግር የሚያቀርቡ ሆነው ተገኙ።

ይህ ማለት ጋዜጠኛ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ዜና ከተለመደው ወጣ ያለውን ነገር የሚፈልግ ሥራ ነው። አንድ ማኅበር ለዓመታት በየወሩ የየቲሞችን ቀለብና የትምህርት ወጪ ቢከፍል ዜና አይሆንም፤ አንድ ቀን ክስ ቢነሣበት ግን በፊት ገጽ ይወጣል። በመሆኑም ማኅበሩን ቀድሞ የማያውቀው አንባቢ የሚተዋወቀው በተከሰሰበት ቀን ነው።

ክሱ ሐሰት ሲሆን

ኢንተርፓል የተባለው ድርጅት ችግረኛ ፍልስጥኤማውያንን ለመርዳት በ1994 በለንደን የተቋቋመ ነው። በ2003 የአሜሪካ መንግሥት ሽብርን ይደግፋሉ ካላቸው ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የብሪታንያ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን የድርጅቱን ሒሳብ አግዶ ምርመራ ከፈተ፤ ሆኖም ክሱን የሚደግፍ ማስረጃ ስላልቀረበለት በዚያው ዓመት እግዱን አንሥቶ ምርመራውን ዘጋ። ኮሚሽኑ በ2009 ባወጣው ሌላ ዘገባም ክሱ እንዳልተረጋገጠ ገለጸ፤ ነገር ግን ድርጅቱ አብረውት በሚሠሩ ማኅበራት ላይ የሚያደርገው ክትትል በቂ አለመሆኑን ጠቅሶ እንዲያስተካክል አዘዘ።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ በ2018 ዴይሊ ሜይል ጋዜጣና ድረ ገጹ፣ ድርጅቱ በፍልስጥኤም ጥላቻ ለሚሰበክበት ዝግጅት ገንዘብ ሰጥቷል ብለው ጻፉ። የድርጅቱ ባለአደራዎች ጉዳዩን በሕግ ተከታተሉት። በ2019 ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ፤ 120,000 ፓውንድ ካሳና የሕግ ወጪያቸውንም ከፈለ።

ፍትሕ ተገኘ ማለት ይቻላል። ይሁንና ክሱን ካነበቡት ሰዎች ስንቶቹ የይቅርታውን ጽሑፍ አነበቡ? ክስ ከርዕሱ ጀምሮ ይጮኻል፤ ይቅርታ ግን በዝግታ ይነገራል። በዚያ መካከል ልገሳውን ያቋረጠ ሰው ኋላ ይመለስ እንደሆነ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

ከጋዜጣ ወደ ባንክ

ሁለተኛው ጉዳይ የለንደኑ የፊንስበሪ ፓርክ መስጊድ ነው። መስጊዱ ቀድሞ በአክራሪ ሰባኪ እጅ ወድቆ የነበረ ቢሆንም በ2005 አዲስ አመራር ተረክቦት ሥራውን ከመሠረቱ ለውጦታል። ይሁን እንጂ በ2014 ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ. ባንክ ከመስጊዱ ጋር መሥራት ሊቀበለው ከሚችለው የስጋት መጠን በላይ መሆኑን በደብዳቤ ገልጾ ሒሳቡን ዘጋ። ከዚህ የበለጠ ዝርዝር አልሰጠም።

ቆይቶ እንደታወቀው የመስጊዱ ስም ወርልድ ቼክ በተባለና በወቅቱ የቶምሰን ሮይተርስ ኩባንያ በነበረ የመረጃ ማኅደር ውስጥ በሽብር ክፍል ሥር ተመዝግቦ ነበር። ይህ ማኅደር ከጋዜጦችና ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ሌሎች ምንጮች መረጃ እየሰበሰበ ለባንኮች የሚሸጥ ነው። ኩባንያው በየካቲት 2017 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መረጃው ሐሰት መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ 10,000 ፓውንድ ካሳና የሕግ ወጪም ከፈለ።

ከዚህ የምንማረው የአሠራሩን መንገድ ነው። ዛሬ የተጻፈ ዜና ነገ አይጠፋም። ከጋዜጣ ወደ ማኅደር፣ ከማኅደር ወደ ባንክ ሠራተኛ ጠረጴዛ ይደርሳል። ባንኩ የክሱን እውነትነት ለመፍረድ የተቀመጠ ዳኛ አይደለም፤ የሚመዝነው ደንበኛው የሚያመጣበትን ስጋትና የሚያስገኝለትን ጥቅም ነው። ትንሽ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ፣ ስሙም በክፉ የተነሣ ማኅበር በዚህ ሚዛን በቀላሉ ይወድቃል። የየቲሞች ገንዘብ የሚያልፍበት ሒሳብ በዚህ መልክ ቢዘጋ ግን አዲስ ባንክ እስኪገኝ ድረስ የቤት ኪራይም ሆነ የትምህርት ቤት ክፍያ አይጠብቅም።

ጋዜጣው እውነት ሲጽፍስ?

እስከዚህ ድረስ ያነሣነው ማኅበራት የተበደሉባቸውን ጉዳዮች ነው። ሚዛን ለመጠበቅ ግን ሦስተኛውን ማንሣት ግድ ይላል። ኢስላሚክ ሪሊፍ በ1984 በበርሚንግሃም የተመሠረተ፣ በበርካታ አገሮች የቲሞችን የሚረዳ ታላቅ ድርጅት ነው። በ2020 ታይምስ ጋዜጣ ከድርጅቱ ባለአደራዎች አንዱ አይሁዶችን የሚሰድቡ ጽሑፎች በፌስቡክ ማውጣታቸውን አጋለጠ። ባለአደራው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ በሌላ አመራር ላይ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲገለጥ መላው ቦርድ ወርዶ አዲስ ቦርድ ተመረጠ። ድርጅቱ የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዶሚኒክ ግሪቭ የመሩትን ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ የኮሚሽኑ ዘገባም በ2021 ወጣ።

ድርጅቱ ጽሑፎቹን አወገዘ እንጂ «ጠላቶቻችን ያወሩብን ነው» ብሎ አላለፈውም። ጥፋትን መሸፈን የማኅበሩን ክብር የሚጠብቅ ይመስላል፤ ውሎ ሲያድር ግን የየቲሙን አማና ለአደጋ ያጋልጣል።

ከለጋሾችና ከቤተሰቦች ምን ይጠበቃል?

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ ታዘናል። ይህ ትእዛዝ ስለ እኛ የተጻፈውን ክፉ ወሬ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሎች የምንሰማውን፣ እንዲሁም ጆሯችን ደስ እያለው የሚቀበለውን ሙገሳ ጭምር ይመለከታል። በተግባር ሲተረጎም የሚከተሉትን ያጠቃልላል፦

1ኛ. ዜናውን ከርዕሱ አልፎ እስከ መጨረሻው ማንበብ። የተጻፈው የፍርድ ቤት ወይም የተቆጣጣሪ አካል ውሳኔ ነው ወይስ የአንድ ወገን ክስ? የማኅበሩስ መልስ ተካቷል?

2ኛ. ድጋፍን ከማቋረጥ በፊት ማኅበሩን መጠየቅ። በአገራችን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ለጋሽ ይህን ሪፖርት ማየት ቢፈልግ ማኅበሩ ሊከፋው አይገባም።

3ኛ. ስሕተት ሲጻፍ በስድብ ሳይሆን በሰነድ መመለስ። ከላይ ያየናቸው ሁለቱ የተበደሉ ተቋማት ያሸነፉት በማስረጃ ነው። ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ በወቅቱ ያልያዘ ማኅበር ግን ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን ለማስረዳት ይቸገራል።

4ኛ. የልጆችን ክብር መጠበቅ። ለሙገሳ የሚወጣ ዜናም ሊጎዳ ይችላል። እርዳታ ሲቀበል የተነሣ የሕፃን ፎቶግራፍ ከነስሙ በጋዜጣ ቢወጣ ልጁ አድጎ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሳለ ይከተለዋል። እናቶችና አሳዳጊዎች «አይነሣብኝ» የማለት መብት አላቸው፤ እምቢ በማለታቸውም ድጋፉ ሊቀንስባቸው አይገባም።

ጋዜጣ ነገ ስለ እኛ ምን እንደሚጽፍ መወሰን አንችልም። ሊጽፍ የመጣ ሰው የተሟላ መዝገብና ክፍት በር እንዲያገኝ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን ኢኽላስ የተሞላ፣ በእጃችን ያለውንም የየቲሞች አማና የተጠበቀ ያድርግልን። አሚን።