ባሮሎ፦ የትዕግሥት ወይን ጠጅ

አንባቢ ሆይ! የዛሬ ሥራህ ደመወዝ ከሦስት ዓመት በኋላ ይከፈልሃል ቢሉህ ምን ትላለህ? በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ በአልባ ከተማ አጠገብ ካሉት ኮረብቶች ላይ ወይን የሚተክለው ገበሬ ኑሮው እንዲህ ነው። ኔቢዮሎ የሚባለው ወይን ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ የሚበስለው ግን ከሁሉ ዘግይቶ፣ ጉም ኮረብታውን በሚሸፍንበት በጥቅምት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በረዶ ቢወርድበት የዓመት ድካሙ በአንድ ቀን ይጠፋል። ተለቅሞ ከተጠመቀም በኋላ ባሮሎ የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ 38 ወር ሳይሞላው፣ ከዚህም ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል ሳይቆይ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክላል። «ሪዜርቫ» ለመባል ደግሞ 62 ወር ያስፈልገዋል። አዲስ ሳለ አፍ የሚይዝ ኃይለኛ ነውና፣ የሚያለዝበው ዕድሜ ነው። እንግዲህ የባሮሎን ዋጋ መወደድ ስትሰማ፣ አብሮ የሚሸጠው የገበሬው ትዕግሥት መሆኑን አስታውስ።