የማሽተት ፈተና በመርሳት በሽታ ምርምር ያለው ፋይዳ

የመርሳት በሽታ የማስታወስ፣ የማሰብና የዕለት ተዕለት ተግባርን የማከናወን ችሎታን ደረጃ በደረጃ የሚያዳክም የአንጎል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከታማሚዎቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት መንስኤው የአልዛይመር በሽታ ነው። ጉዳቱ ምልክቶቹ ከመታየታቸው ከዓመታት በፊት ስለሚጀምር፣ ተመራማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ለውጦች በአይጦች ላይ ያጠናሉ።

ለዚህ ጥናት የሚውሉት አይጦች ከአልዛይመር ጋር የተያያዘ የሰው ዘረ መል በላቦራቶሪ እንዲገባባቸው የተደረጉ ናቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ አሚሎይድ ቤታ የተባለው ፕሮቲን በአንጎላቸው ውስጥ ይከማቻል።

አይጥ አካባቢዋን የምትለየው በዋነኛነት በማሽተት በመሆኑ ትውስታዋም በሽታ አማካኝነት ይፈተናል። ለምሳሌ የተለያየ ሽታ ባላቸው ሁለት ማሰሮዎች ውስጥ አሸዋ ይደረግና ምግቡ ሁልጊዜ ከአንደኛው ሽታ ጋር ብቻ ይቀበራል። ከልምምዱ በኋላ ምግቡ ተነሥቶ አይጧ የትኛውን ማሰሮ አብልጣ እንደምትቆፍር ይለካል። ምግቡ የሚነሣው የራሱ ጠረን እንዳይመራት ነው። የተማረችውን ያልዘነጋች አይጥ ምግብ ይገኝበት የነበረውን ሽታ ለይታ ትቆፍራለች።

ይሁን እንጂ አይጧ ፈተናውን ብትወድቅ ረስታለች ብሎ ወዲያውኑ መደምደም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የእነዚህ አይጦች የማሽተት ችሎታ ራሱ ከፕሮቲኑ ክምችት ጋር ተያይዞ ይዛባል። አንዳንድ የላቦራቶሪ አይጦች ደግሞ በዘር በሚተላለፍ ችግር ማየት ስለሚሳናቸው፣ በእይታ ላይ የተመሠረተ ፈተና ሲሰጣቸው የረሱ ይመስላሉ። ስለሆነም አይጧ ሽታዎቹን መለየት መቻሏ አስቀድሞ ለብቻው መረጋገጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ ጉዳቱ የስሜት ሕዋስ ይሁን የትውስታ አይታወቅም፤ የሚሞከረው መድኃኒት ውጤትም በተሳሳተ መንገድ ሊተረጎም ይችላል።

በሰዎችም ላይ የማሽተት ችሎታ መቀነስ ከአልዛይመር ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጉንፋን፣ የሳይነስ ሕመም፣ ኮቪድ-19፣ ሲጋራ ማጨስና የዕድሜ መግፋትም ተመሳሳይ ችግር ስለሚያስከትሉ ብቻውን የበሽታው ማረጋገጫ አይሆንም። በአይጦች ላይ ውጤት ያሳዩ በርካታ መድኃኒቶችም በሰዎች ላይ ሳይሳካላቸው ቀርተዋል።

በመሆኑም አንድ አረጋዊ የቅርብ ጊዜ ነገሮችን ደጋግሞ ሲረሳ ወይም በሚያውቀው መንገድ ሲጠፋ፣ ቤተሰብ ሁኔታውን የእርጅና ባሕርይ ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ሊወስደው ይገባል። በምርመራውም ከትውስታው ጎን ለጎን የማየት፣ የመስማትና የማሽተት ችሎታው ቢታይ የችግሩን ምንጭ በትክክል ለመለየት ይረዳል።