ስሪ ዲ ኤስ እና ያለ መነጽር የሚታየው ጥልቀት

ኒንቴንዶ ስሪ ዲ ኤስ ለሁለት የሚታጠፍ፣ ሁለት ስክሪን ያለው የእጅ ጌም ማጫወቻ ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2011 በአገሩ ገበያ አወጣው፤ በቀጣዩ ወር አውሮፓና አሜሪካ ደረሰ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ዋጋው 249.99 ዶላር ነበር። ከሁሉ በላይ የተወራለት ግን የላይኛው ስክሪኑ ነው፤ ምስልን ያለ ልዩ መነጽር በጥልቀት ያሳያል። ጊዜውም ተመቻችቶለት ነበር። አቫታር የተሰኘው ፊልም በ2009 መጨረሻ ተመልካቹን መነጽር አስጭኖ ሲኒማ ቤቶችን ከሞላ ወዲህ፣ የቴሌቪዥን ፋብሪካዎችም ስሪ ዲ ቴሌቪዥን ለመሸጥ ይሽቀዳደሙ ነበር። መነጽሩን ያስቀረ ማሽን በዚያ ሰሞን መነጋገሪያ ቢሆን አይገርምም። ጥያቄው ይህ ጥልቀት ጨዋታውን የሚለውጥ ነገር ነው ወይስ ገዢን መሳቢያ ብቻ የሚለው ነው።

ስሪ ዲ ምን እንደሆነ ለመረዳት ዓይን ጥልቀትን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ይቀድማል። ለዚህ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ጥሩ መማሪያ ነው። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ 705 ሄክታር የሚሸፍን ተዳፋት ቦታ ነው። ከጽድ ዛፎቹ መካከል የቆመ ሰው ግራና ቀኝ ዓይኑን እያፈራረቀ ቢጨፍን፣ አጠገቡ ያለው ቅርንጫፍ ከኋላው ካለው ግንድ አንጻር ወዲህና ወዲያ ሲዘል ያያል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ስላለ እያንዳንዱ ዓይን የሚያየው ትዕይንት ትንሽ ይለያል። አእምሮ ያን ልዩነት አንብቦ ‘ይህ ቅርብ ነው፣ ያ ሩቅ ነው’ ይላል። ከሩቅ የሚታይ የተራራ ጫፍ ግን በዚህ ሙከራ ንቅንቅ አይልም፤ ነገሩ በራቀ ቁጥር ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ ይጠፋል። የሩቁን ርቀት አእምሮ የሚገምተው በሌላ መንገድ ነው፤ በመጠን ማነስ፣ በጉም፣ በጥላ፣ አንዱ ሌላውን በመጋረዱ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን በ1838 ለሁለቱ ዓይኖች ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን በማሳየት ብቻ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ጥልቀት መፍጠር እንደሚቻል አስመስክሯል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ስሪ ዲ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

ስሪ ዲ ኤስ መነጽሩን ያስቀረው በጥቃቅን መጋረጃዎች ነው። የላይኛው ስክሪን ከግራ ወደ ቀኝ 800 የፒክስል ዓምዶች አሉት፤ 400ው ለግራ ዓይን፣ 400ው ለቀኝ ዓይን ተፈራርቀው ይደረደራሉ። ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ያሉት ግርዶሽ ደግሞ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ዓምዶች ብቻ እንዲያይ የሌላውን ይጋርድበታል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ አይቭስ በ1903 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ኒንቴንዶ ግርዶሹን ከፈሳሽ ክሪስታል አሠራው፤ ስለዚህ ሲፈለግ ይታያል፣ ሲጠፋ ስክሪኑ ተራ ስክሪን ይሆናል። በማሽኑ ጎን ያለች ተንሸራታች ማብሪያ ጥልቀቱን ከምንም እስከ ሙሉ ታስተካክላለች።

ዘዴው የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ግርዶሹ ብርሃን ይበላል፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል። በከፍታ ላይ እንዳለችው አዲስ አበባ ፀሐይ በሚበረታበት ቦታ፣ ከዛፍ ጥላ ውጭ ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ባትሪውም የስሪ ዲ ኤስ ጌም ሲጫወቱበት የሚቆየው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ ይህን የተናገረው ኩባንያው ራሱ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የአቀማመጥ ጣጣ ነው። ምስሉ አንድ ሆኖ የሚታየው ፊት ከስክሪኑ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። እጅ ትንሽ ካዘነበለ የግራው ሥዕል ወደ ቀኝ ዓይን ይገባና ሁሉም ድርብርብ ይላል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ይህን መልመድ ይቻላል፤ ለእጅ ማሽን ግን፣ ታክሲ ውስጥ ወይም በእግር መንገድ ላይ ይያዛል ለተባለ ዕቃ፣ ‘አትንቀሳቀስ’ የሚል ቅድመ ሁኔታ መጣል ከሥራው ጋር የሚጋጭ ነገር ነው። ሁለቱ ዓይኖቹ ተባብረው የማያዩለት ሰው ደግሞ ጭራሹን ጥልቀቱን አያየውም። ኩባንያውም ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናት በስሪ ዲ እንዳይጫወቱ አስጠንቅቋል።

ማሽኑ ከጀርባው ሁለት ካሜራዎች አሉት፤ ጥልቀት ያለው ፎቶም ያነሳል። ጥራቱ 640 በ480 ፒክስል ብቻ ነው፤ በዚያው ዘመን ለነበረ ስልክ እንኳ የሚያሳፍር። የሆነ ሆኖ የስሪ ዲውን ጥቅምና ድንበር እንደ እነዚህ ካሜራዎች ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የለም። መስከረም ላይ ክንድ በሚያህል ርቀት የተነሳ አደይ አበባ ቅጠሉ ከቅጠሉ ተለይቶ ብቅ ይላል። ከማዕከሉ ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተነሳ የከተማ ፎቶ ግን ስሪ ዲው በራም ጠፋም ያው ነው፤ በዚያ ርቀት ለካሜራዎቹም ሆነ ለዓይን የሚተርፍ ልዩነት የለም።

ኒንቴንዶ በዚህ መንገድ ሲሄድ የመጀመሪያው አልነበረም። ጌም ቦይ የተባለው የኒንቴንዶ የእጅ ማጫወቻ አባት የሆነው ጉንፔ ዮኮይ በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ፣ በማቆሚያ ላይ ተቀምጦ ዓይን የሚደገፍበት፣ በቀይና በጥቁር ብቻ የሚያሳይ የስሪ ዲ ማሽን አውጥቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ስሪ ዲ ኤስም አጀማመሩ አላማረም። በወጣ በስድስተኛው ወር፣ ኦገስት 2011፣ የአሜሪካ ዋጋው ወደ 169.99 ዶላር ወረደ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ፤ ቀድመው በውድ ለገዙት 20 የድሮ ጌሞች በነጻ ተሰጡ። ማሽኑን ያዳነው ዋጋው መርከሱና በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጡት ሱፐር ማሪዮ ስሪ ዲ ላንድና ማሪዮ ካርት 7 ናቸው። ስክሪኑ ያው ነበር።

አንድ ለየት ያለ ነገር ጌጥ ይሁን መሠረት ለመለየት ጥሩው መፈተኛ ማጥፋት ነው፤ ቢጠፋ ጌሙ ይቆማል? ከስሪ ዲ ኤስ በፊት የነበረው፣ 154 ሚሊዮን የተሸጠው ዲ ኤስ በሚነካ ስክሪኑ የታወቀ ነበር። ከዲ ኤስ ጌሞች ብዙዎቹ ያለ ስክሪን መንኪያው ብዕር አይንቀሳቀሱም። የስሪ ዲ ኤስ ጥልቀት ግን ከመጀመሪያው ማጥፊያ ተበጅቶለታል። ማጥፊያ ያለውን ነገር የጌም ሠሪ ሊተማመንበት አይችልም፤ ተጫዋቹ ራሱን አሞት ቢያጠፋውስ? ሱፐር ማሪዮ ስሪ ዲ ላንድ ሞክሯል። ጡቦቹ ያሉበት ርቀት በጠፍጣፋ ሥዕል የሚያሳስት፣ ስሪ ዲው ሲበራ ወዲያው የሚለይባቸው ክፍሎች አሉት። ያማሩ ናቸው፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ ያለ ስሪ ዲም በግምት ይታለፋሉ። በ2013 የወጡት ፖኬሞን ኤክስና ዋይ ስሪ ዲውን በአንዳንድ ቦታ ብቻ ነው የተጠቀሙበት። እነሱ በወጡበት ቀን፣ ኦክቶበር 12፣ ኩባንያው ቱ ዲ ኤስን በ129.99 ዶላር አወጣ፤ የማይታጠፍ፣ ጥልቀት የማያሳይ፣ ጌሞቹን ግን የሚያጫውት ማሽን ነው። ከዚያ ወዲያ ስሪ ዲን ግዴታ የሚያደርግ ጌም የሚሠራበት ምክንያት አከተመ። ስለዚህ ጥልቀቱ የእውነት ነው፣ ማታለያ አልነበረም፤ ለጨዋታው ግን ጌጥ ነበር።

የሚያስቆጨው መፍትሔው የመጣበት ጊዜ ነው። በ2014 የወጣው ኒው ስሪ ዲ ኤስ የተጫዋቹን ፊት በካሜራ እየተከታተለ ግርዶሹን ስለሚያስተካክል ምስሉ በቀላሉ አይደራረብም። በመጀመሪያው ማሽን ላይ ይህ ቢኖር ሠሪዎቹ በስሪ ዲው ይበልጥ ይደፍሩ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ያልተወራላቸው ችሎታዎቹ በአንጻሩ ከመጀመሪያው ቀን ይሠሩ ነበር። ማሽኑ ኪስ ውስጥ ሆኖ እርምጃ ይቆጥራል፤ ለ100 እርምጃ አንድ የጌም ሳንቲም ይሰጣል፣ በቀን ቢበዛ 10። የማዕከሉን መንገድ ጥቂት የተራመደ ሰው የቀኑን ድርሻ ይሞላል።

በጠቅላላው ወደ 76 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሸጦ በ2020 ምርቱ ቆመ። የኢንተርኔት መደብሩ በማርች 2023፣ በኢንተርኔት መጫወቱ ደግሞ በኤፕሪል 2024 ተዘግቷል። ዛሬ ያገለገለ የሚገዛ ወይም ከውጭ ዘመድ የሚላክለት ሰው ከስሪ ዲው በፊት የሚጠይቀው የማሽኑን አገር ነው። የአሜሪካው ማሽን የአውሮፓን የጌም ካርድ አያነብም፤ የጃፓኑም የሁለቱን። የዋሽንግተን አጎት ማሽኑን፣ የሎንዶን አክስት ካርዱን ከላኩ አይገጥሙም፤ በአብዛኛው ከዚህ ክልከላ ነጻ የሆኑት የቀድሞው ዲ ኤስ ካርዶች ናቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ‘ኒው’ የሚለው ስም ነው። ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ ስሪ ዲን የመሰሉ ከባድ ጌሞች በኒው ማሽኖች ላይ ብቻ ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የ2017ቱ ኒው ቱ ዲ ኤስ ኤክስ ኤል ጥልቀት አያሳይም፤ በስሙ ላይ ስሪ ዲ ያለበትን ይህን ጌም ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጫውታል።