የጥፋት ውሃና የወንዞች ጠባይ

«የኖኅ መርከብ ተገኘ» የሚለው ዜና ዘንድሮም መጥቷል። በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል፤ ፎቶግራፉም ያው ነው፤ ምሥራቅ ቱርክ ውስጥ ከአራራት ተራራ በስተደቡብ ከመሬት ጉብ ብሎ የሚታይ፣ የመርከብ ቅርጽ ያለው ጭቃና ድንጋይ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኢልሃን ዱሩፒናር የተባለ የቱርክ ጦር መኮንን ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ አየው። በዓመቱ ቡድን ሄዶ ቆፈረው፤ መርከብ የሚያሰኝ ነገር ግን አላገኘም። ቦታውን ያዩ ጂኦሎጂስቶች የሚሉት ከዳገቱ የተንሸራተተ ጭቃ አንድን ጠንካራ አለት ከግራና ከቀኝ እያለፈ ሲወርድ ያስቀረው ቅርጽ ነው። «አፈሩ ውስጥ የባሕር ዛጎል ተገኝቷል» ይባላል። ለምን አይገኝ! ያ ምድር ሰው የሚባል ፍጡር ሳይኖር የባሕር ወለል ነበር። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ሲወርዱ የሚታየው፣ በመቀሌ ዙሪያም የሞላው የኖራ ድንጋይ እንዲሁ የባሕር ዛጎል አለበት፤ እዚያ መርከብ የፈለገ ሰው ግን አልሰማሁም።

እምነት ለመንካት አይደለም የምጽፈው። መጽሐፉን የሚያምን ሰው የቱርክ ጭቃ ምስክር እንዲሆነው አያስፈልገውም።

ከመርከቡ ይልቅ የሚያናድደኝ ከሥሩ የሚከተለው አስተያየት ነው፤ «ሁሉም ሕዝብ የጥፋት ውሃ ታሪክ አለው፣ ስለዚህ ዓለምን የሸፈነ አንድ ጎርፍ ነበር» የሚለው። የባቢሎን፣ የዕብራውያን፣ የግሪኩ ዴውካልዮን፣ ዓሣ ያስጠነቀቀችው የሕንዱ ማኑ፣ የቻይናው ዩ ይደረደራሉ። ታሪኮቹን ያነበበ ሰው ግን ልዩነታቸው ከመመሳሰላቸው የበለጠ መሆኑን ያያል። ዩ ለምሳሌ መርከብ አልሠራም፤ ቦይ ቆፈረ። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ባሕር 120 ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ደግሞ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ አልፈዋለሁ። የወሰደው በሺህ የሚቆጠር ዓመት ነው፤ በሰባት ቀን ሰው የሚያሰጥም ነገር አይደለም።

እኔ ደለል የማጠና ሰው ነኝና የምጠይቀው ሌላ ነው። በውሃ ዳር የኖሩ ሁለት ታላላቅ ሕዝቦች፣ ግብፃውያንና የሜሶፖታሚያ ሰዎች፣ ዓለም ከውሃ እንደወጣች ሁለቱም ይናገራሉ። ታዲያ ያ ውሃ ተመልሶ ሰውን ሲያጠፋ የምናየው ለምን በአንዱ ዘንድ ብቻ ሆነ? እንደኔ መልሱ ወንዞቻቸው በሚሞሉበት ወርና በሚጥሉት ጭቃ ውስጥ አለ።

በግብፁ እንጀምር፤ እኛንም ይመለከታል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ ከደለሉም አብዛኛው። የእኛ ክረምት በሰኔ ሲገባ የተጫነው ውሃ የአስዋን ታላቁ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በሐምሌ ግብፅ ይደርስ ነበር፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ሞልቶ በጥቅምት ይሸሻል። ያን ጊዜ ማሳው ባዶ ነው፤ አዝመራው ከተሰበሰበ ወራት አልፈዋል። ውሃው ይሸፍነዋል፣ ጨውን ያጥበዋል፣ ጥቁር አፈር ያለብሰዋል፤ ልክ ዘር በሚዘራበት ሰዓት ይሄዳል። ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ ብቅ የሚለው የእርጥብ አፈር ጉብታ ነው። የግብፅ ካህናት ስለ ፍጥረት የተናገሩትም ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያ ኑን የተባለ ጨለማ ውሃ ነበር፣ ከውስጡ ጉብታ ወጣ፣ አምላኩ አቱም በጉብታው ላይ ቆመ። በየዓመቱ በዓይን የሚታይ ፍጥረት ነው።

የሜሶፖታሚያዎቹ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ግን የሚሞሉት የቱርክና የኢራን ተራሮች በረዶ በፀደይ ሲቀልጥ ነው፤ ጤግሮስ በሚያዝያ፣ ኤፍራጥስ በግንቦት ገደማ። ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ያን ጊዜ ገብሱ ደርሶ ማጭድ የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ውሃው የሚመጣው በበሰለ አዝመራ ላይ ነው።

ዋናው ችግር ግን የመሬቱ ዝንባሌ ነው። ባግዳድ ከባሕር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ ከፍታዋ 40 ሜትር አይሞላም። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ወንዝ ይዘገያል፤ የዘገየ ውሃ ደግሞ የያዘውን ይጥላል። ከእሳት የወረደ ጀበና አስቡ፤ እየፈላ ሳለ ዱቄቱ ከውሃው ጋር ይዞራል፣ ሲሰክን አተላው ወደ ታች ይቀመጣል። ወንዙም ደለሉን ወለሉ ላይ ይጥላል፤ ዳርቻውን ጥሶ ሲወጣም ከባዱን አሸዋ እዚያው ጠርዙ ላይ ስለሚያስቀር በግራና በቀኝ ራሱ ካብ ይክባል። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ወለሉም ካቡም ከፍ ይላሉ። በመጨረሻ ወንዙ የሚፈሰው ከእርሻው በላይ ይሆናል!

የዚህን ትርጉም አጢኑት። በአገራችን ሸለቆ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ፣ ሲጎድል ወደ ቦታው ይመለሳል። ከማሳው በላይ የሚፈስ ወንዝ ካቡ አንድ ቦታ ሲቀደድበት ግን ውሃው ቁልቁል ወደ ሜዳው ይገለበጣል፤ መመለሻ የለውም። በአድማስ ላይ የሚያግደው ኮረብታ ስለሌለም ዝም ብሎ ይሰፋል፣ ይተኛል፤ ሲደርቅ ጨው ይተዋል። አንዳንዴ ወንዙ በተቀደደው በኩል እስከ ወዲያኛው መንገዱን ይቀይራል፤ ያን ጊዜ አንዱ ከተማ ይሰጥማል፣ ሌላው በውሃ ጥም ያልቃል። የጥንቷ ከተማ ኡር ዛሬ ከኤፍራጥስ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በረሃ ላይ የቀረችው እንዲህ ነው። ነገሩ የጥንት ብቻ አይደለም፤ በ1954 ጸደይ ጤግሮስ ባግዳድን ክፉኛ አስፈራርቷት ነበር። የጎርፉን ውሃ ወደ ሠርሣር ረባዳ የሚያዞረው የሳማራ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1956 ነው።

አሁን አትራሐሲስ የተባለውን የባቢሎን ድርሰት እንክፈት፤ ቅጂዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፉ ናቸው። ታሪኩ የሚጀምረው በቁፋሮ ነው። ታናናሾቹ አማልክት ወንዝና ቦይ ሲቆፍሩ ኖረው ይሰለቻሉ፣ መሣሪያቸውን አቃጥለው ያምፃሉ። መፍትሔው ሰው ነው፤ ከጭቃና ከተሠዋ አምላክ ደምና ሥጋ ተለውሶ ቁፋሮውን እንዲረከብ ይፈጠራል። ቦይ በደለል በሚሞላበት አገር ጠረጋው ማለቂያ የለውም፤ ሰውየው ከጭቃ ተሠራ፣ ዕድሜ ልኩንም ጭቃ ሲዝቅ ይኖራል። ከዚያ ሰዎች ይበዛሉ፣ ጩኸታቸው ታላቁን አምላክ ኤንሊልን እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ቸነፈር፣ ድርቅና ረኀብ ይልካል፣ በመጨረሻም ጎርፍ። ሌላው አምላክ ኤንኪ ምስጢሩን ለሸንበቆ ግድግዳ የሚናገር መስሎ ለወዳጁ ለአትራሐሲስ ያሰማዋል። ፍጥረቱና ጥፋቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ጆርጅ ስሚዝ በ1872 ለንደን ላይ አንብቦ ዓለምን ያስደነቀው የንጉሥ ጊልጋሜሽ ታሪክ ጽላትም የጎርፉን ክፍል የወሰደው ከዚህ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ግን ስለ ራሴ ሙያ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አርኪዮሎጂስቱ ሊዮናርድ ዉሊ በ1929 ኡር ላይ ሦስት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጹሕ ደለል አግኝቶ «የጥፋት ውሃው ይኸው» አለ። ሹሩፓክና ኪሽ በተባሉት የጥንት ከተሞችም ደለል ተገኘ፤ የእነዚህ ዕድሜ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2900 ገደማ ሲሆን የኡሩ ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከኡር ብዙም ያልራቀችው ኤሪዱ ጭራሽ የላትም። የደለል ውፍረት ብቻውን የጎርፉን መጠን አይነግርም፤ ካቡ የተቀደደ ወንዝ ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ እያፈሰሰ ያን ያህል ሊከምር ይችላል። ስለዚህ የደለል ንብርብሮቹ ጎርፍ ይደጋገም እንደነበር ይመሰክራሉ፤ «የትኛው ነው ያ ጎርፍ?» ሲባሉ ግን መልስ የላቸውም።

ያን አንድ ጎርፍ ከሚፈልጉባቸው ቦታዎች ጥቁር ባሕርም አለ። ተመራማሪዎቹ ራያንና ፒትማን በ1997 የሜዲትራኒያን ውሃ ቦስፎረስን ጥሶ ወደ ጥቁር ባሕር በድንገት ገባ ብለው ጻፉ፤ በፍጥነቱም በመጠኑም ላይ ክርክሩ አልበረደም። ስለ ቻይና በ2016 የወጣ ጥናት የዩን ጎርፍ ቢጫ ወንዝን ዘግቶ በኋላ ከተደረመሰ የመሬት ናዳ ጋር አገናኘው፤ እሱም ተቃዋሚ አላጣም። እኔ ግን ለዩ ናዳ አልፈልግለትም። ቢጫ ወንዝ በታችኛው አካባቢው ከሜዳው በላይ የሚፈስ፣ ካቡን እየጣሰ መንገድ የሚቀይር ወንዝ ነው። የዩ አባት ጉን በግድብ ሊያቆመው ሞክሮ ከሸፈ፤ ልጁ ቦይ ቀዶ ወደ ባሕር መራው። ይህ የመሐንዲሶች ክርክር ነው።

የግብፁም እንደ ጻፍኩት ቀጥ ያለ አይደለም። ዓባይ ሲበዛ መንደር ያፈርስ ነበር፣ ሲያንስ ያስርብ ነበር። በፈርዖኖች መቃብር የተገኘ አንድ ድርሰት ደግሞ ፀሐይ አምላክ ራ ሰውን ለመቅጣት አንዲት ጨካኝ አምላክ እንደላከ ይናገራል። ኋላ ተጸጽቶ 7,000 ማሰሮ ቢራ ደም አስመስሎ በቀይ ያቀልምና ማሳው ላይ ያስፈስሰዋል፤ ጨካኟ አምላክ ደም መስሏት ጠጥታ ትሰክራለች፣ የቀሩት ሰዎች ይተርፋሉ። ማሳውን የሸፈነው ፈሳሽ እዚህ አዳኝ ነው። ቀለሙ ከኢትዮጵያ የሚወርደውን የጎርፍ ወራት ቀይ ውሃ ያስታውሳል የሚል ሐሳብ አለ፤ ለእኔ ስለሚመቸኝ ነው በጥርጣሬ የማየው።

ታሪኮቹ ከወንዛቸው ርቀው ሲጓዙ ምን እንደሚሆኑ ለማየት ከመጽሐፈ ሄኖክ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ የጥፋት ውሃም የሚመጣው ከሰማይ የወረዱት መላእክት በወለዷቸው ግዙፋን ምክንያት መሆኑን ይተርካል። በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች ከሄኖክ የአራማይክ ቅጂዎች ጋር የግዙፋኑ መጽሐፍ የተባለ ድርሰት ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ይህኛው በግእዙ ሄኖክ ውስጥ የለም። ከግዙፋኑ የአንዱ ስም ጊልጋሜሽ ነው። በባቢሎን ከጥፋት ውሃ የተረፈውን ሰው ፈልጎ የሕይወትን ምስጢር የጠየቀው ንጉሥ፣ ቁምራን ሲደርስ ውሃው ሊያጠፋቸው ከሚመጣባቸው አንዱ ሆኗል።